የቁመት መለኪያው ዘንግ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ከባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር ቁጭ ብያለሁ፤ ገና በደንብ አልነጋም። የወፍ ድምፅ ከሰማችሁ ከውሃው በኩል ነው። ትንሽ ቆይቶ ባጃጆቹ ይጀምራሉ፤ ከዚያ በፊት ልጨርስ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደመወዝ ነው። ስለ ትልልቅ የመድኃኒት ኩባንያ አለቆች ደመወዝ። ይገባቸዋል ወይ?

ነገሩን ያመጣው ፋርማሲስት ጓደኛዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ቡና እየጠጣን ስልኩን አቀበለኝ። የፋይዘር ዋና ሥራ አስፈጻሚ አልበርት ቡርላ በፈረንጆቹ 2022 ያገኙት ጠቅላላ ክፍያ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው ይላል። ለቀን ስታካፍሉት ከ90 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ጓደኛዬ "ይሄ ነውር ነው" አለ። ቀኑን ሙሉ "ስንት ነው? አይቀንስም?" የሚሉ እናቶችን ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ስለሆነ አልፈረድኩበትም። እኔ ግን አፌ ቶሎ አልተከፈተም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አያቴ የምትኖረው ሐሙሲት አጠገብ ነበር፤ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ሲኬድ። አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ወረንጦ አስራ ነበር የምትውለው። ትራኮማ ነበረባት። ትራኮማ የዓይን ቆብን ከውስጥ እያቆሰለ ጠባሳ ያደርገዋል። በዓመታት ውስጥ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን መቧጠጥ ይጀምራል። ዓይን የሚያጠፋው ይሄ ነው። ዓይናችሁን ባርገበገባችሁ ቁጥር አሸዋ እንዳለበት አስቡት።

ስለዚህ ትነቅለዋለች። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። በግራ እጇ ቆቡን ገልበጥ አድርጋ በዳበሳ ትፈልጋለች። አልሆን ሲላት ትጠራኛለች። "ና እስቲ ልጄ፣ አንተ ዓይን አለህ፤ ይቺን ንቀልልኝ።" አጭር፣ ቀጭን፣ እርጥብ ፀጉር ናት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስትወጣላት "እፎይ፣ ዕደግ" ትለኛለች። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ግን ያው ይበቅላል።

ኋላ መድኃኒቱ መጣ። አዚትሮማይሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ነው፤ ፋይዘር ዚትሮማክስ ይለዋል። በፈረንጆቹ 2008 በክልሉ የማልትራ ሳምንት የሚባለው ሲጀመር፣ ወባና ትራኮማ አንድ ላይ ማለት ነው፣ እኔ ተማሪ ነበርኩ። መዝገብ ያዝ ተብዬ ተሰለፍኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መስመር የተሰመረበት ረጅም ዘንግ ይዛለች። ሚዛን የለም፤ አያስፈልግምም። ልጁ ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ወደ ዘንጉ ያስጠጋል። አናቱ የደረሰበት መስመር ስንት እንደሚወስድ ይናገራል። አዋቂ አራት ፍሬ ነው። ለትንንሾቹ ሽሮፕ፣ ለጨቅላዎቹ የዓይን ቅባት። እዚያው ቆሞ ይዋጣል። አንዳንዱ ልጅ ብዙ ፍሬ ይሰጠኝ ብሎ በጣቱ ጫፍ ይቆማል፤ "ተረከዝህን መሬት አስነካ!" ትለዋለች።

ማንም አልከፈለም። ፋይዘር ይህን መድኃኒት ለትራኮማ በነፃ መስጠት የጀመረው በ1998 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። እስካሁን ለብዙ አገሮች የሰጠው ሲደመር ከአንድ ቢሊዮን ዶዝ በላይ ነው። አማራ ክልል ደግሞ በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እንግዲህ እኔ ተነስቼ የዚያን ኩባንያ አለቃ በአንድ አፍ ልርገም? አልሆነልኝም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ማንበብ ጀመርኩ። አዚትሮማይሲን የተገኘው ፋይዘር ውስጥ አይደለም። በ1980 ዛግሬብ ውስጥ፣ ያኔ ዩጎዝላቪያ በነበረችው፣ ፕሊቫ የሚባል ኩባንያ ኬሚስቶች ናቸው ያገኙት። ፋይዘር የመሸጥ ፈቃዱን በውል የወሰደው በ1986 ነው። ቡርላ ደግሞ በእንስሳት ሕክምና የተማሩ ናቸው፤ ፋይዘር የገቡት በ1993፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት በ2019 ነው። የሐሙሲት ልጆች መድኃኒት ከእሳቸው ክፍያ በፊት ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ የተወሰነ ነገር ነው። ይሄ እሳቸውን ለማሳነስ አይደለም። የኮቪድ ክትባቱ ከባዮንቴክ ጋር ከዓመት ባነሰ ጊዜ መድረሱ የእሳቸውም ድርሻ አለበት። ግን "አለቃው ባይኖር መድኃኒቱ አይኖርም" የሚባለውን ለመቀበል ያስቸግራል።

አሁን ደግሞ ክፍያው ተገቢ ነው ብለው ለሚከራከሩት ሐቃቸውን ልስጥ። በ2022 የፋይዘር ገቢ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የአለቃውን ክፍያ በዚያ ላይ አስቀምጡት። ኩባንያው ሦስት ሺህ ዶላር ሲያስገባ አንድ ዶላር ለእሳቸው ነው። ያችን አንድ ዶላር ብትነጥቋቸው ፋርማሲ ውስጥ የምትቆመው እናት የምትከፍለው አይቀንስም። ለምርምር በዚያው ዓመት ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። በሰው ላይ መሞከር ከተጀመረ መድኃኒት ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። የትኛውን እንተው፣ የትኛውን እንግፋበት ብሎ የሚወስን ሰው ዋጋ አለው። ይሄን ሁሉ አምናለሁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ መጠኑ ሳይሆን መለኪያው ነው።

የእነዚህ ሰዎች ክፍያ አብዛኛው ደመወዝ አይደለም። ቡርላ ካገኙት 33 ሚሊዮን ውስጥ መደበኛው ደመወዝ ሁለት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ትልቁ ክፍል ከአክሲዮን ጋር የተሳሰረ ነው። አክሲዮኑ ሲወጣ ሰውየውም ይወጣሉ፤ ሲወርድ ይወርዳሉ። በ2023 የኮቪድ ገበያ ሲቀዘቅዝ ክፍያቸው ወደ 21 ሚሊዮን ተኩል ወርዷል። ጥሩ፣ ይሁን። ግን አክሲዮንን ከፍ የሚያደርገው ምንድን ነው? አዲስ መድኃኒት ማግኘት ያደርገዋል። የድሮውን መድኃኒት ዋጋ መስቀልም ያደርገዋል። ሁለተኛው ይቀላል።

ኢንሱሊንን ተመልከቱ። የኢሊ ሊሊ ኩባንያ ኢንሱሊን፣ ሁማሎግ፣ በ1996 አሜሪካ ገበያ ሲወጣ አንዱ ብልቃጥ 21 ዶላር ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ያው ብልቃጥ 275 ዶላር ገደማ ደረሰ። ያው መድኃኒት ነው እኮ! ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን እየቆጠበ፣ እየቀናነሰ የሚወጋበት ዘመን መጣ፤ በሀብታም አገር። ኩባንያው በ2023 ዋጋውን 70 በመቶ እቀንሳለሁ ያለው ከስንት ጩኸት በኋላ ነው። መቀነስ ከቻለ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ምን ያዘው? መልሱ ያለው ይመስለኛል፤ ዋጋው ሲወጣ አብሮ የሚወጣ ክፍያ ነበር።

"ካልተከፈለው ጥሩ ሰው አይገኝም" የሚሉም አሉ። በዚያው በ2023 የሊሊ አለቃ ዴቪድ ሪክስ ከ26 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኙ። የዴንማርኩ የኖቮ ኖርዲስክ አለቃ ግን 10 ሚሊዮን ገደማ ነው ያገኙት። ሁለቱም ኢንሱሊን ይሸጣሉ፣ ሁለቱም የክብደት መቀነሻ ይሸጣሉ። በዚያ ዓመት ኖቮ በአክሲዮኖቹ ጠቅላላ ዋጋ ከአውሮፓ ኩባንያዎች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ነበር። ታዲያ በግማሽ ያነሰ ክፍያ ሥራውን አበላሸው? አላበላሸውም። ነገር ግን ሐቁን ልናገር፦ የኖቮ የክብደት መቀነሻ፣ ዌጎቪ፣ በአሜሪካ የተለጠፈበት ዋጋ ለወር ከ1,300 ዶላር በላይ ነበር። ስለዚህ የአለቃ ክፍያ ስላነሰ ብቻ መድኃኒት አይረክስም። መጠኑ ላይ ብቻ የሚጮህ ሰው እዚህ ጋ ይረታል።

ለዚህ ነው ወደዚያ ዘንግ የምመለሰው። በአክሲዮን ሲለካ የሐሙሲት ልጅ ቁመት የለውም። አራት ፍሬ ዋጠ አልዋጠ፣ አያቴ ታወረች አልታወረች፣ ከአክሲዮን በሚመጣው ክፍያ ውስጥ አይገባም። መለካት ስለማይቻል አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ አክሰስ ቱ ሜዲስን ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ሃያ ትልልቅ ኩባንያዎችን መድኃኒታቸው ለድሃ አገሮች ምን ያህል እንደሚደርስ እየለካ፣ በየሁለት ዓመቱ ደረጃ ያወጣል። የኩባንያዎቹ ቦርዶች ይሄን ወስደው ከክፍያው ግማሹን ያስሩበት። የድሮ መድኃኒት ዋጋ የሰቀለ አለቃም ይቀነስበት። ያኔ 33 ሚሊዮን ቢሉኝ እሰማለሁ። አሁን ባለው አለካክ ግን አይገባቸውም። ለጓደኛዬም ደውዬ ይሄንኑ ነገርኩት። "ማን ይሰማሃል?" አለኝ። አንተ ሰማኸኝ አልኩት።

አያቴ ጤና ጣቢያ ሄዳ ቆቧ በቀላል ቀዶ ሕክምና ተስተካከለላት። ወረንጦዋን ከአንገቷ ፈትታ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። መድኃኒቱ የታደለ ቀን ማታ ግን አንድ ነገር ጠይቃኝ ነበር። "ለመሆኑ ማነው የላከው? ስሙን ንገረኝና ልመርቀው።" ኩባንያ ነው አልኳት። "ኩባንያ እንዴት ይመረቃል?" አለችና ዝም አለች።

ዛሬ ብትጠይቀኝ የዛግሬቦቹን ኬሚስቶች አነሳላት ነበር። ከእነሱ በፊት ግን ያቺን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ዘንጉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ የጉማራን ወንዝ ስትሻገር አይቻታለሁ።

ባጃጆቹ ጀመሩ። ደህና ሁኑልኝ።