«ቹ ኤን ላይ አዲስ አበባ መጥተው ያውቃሉ?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደወላችሁልን ሁሉ የጠየቃችሁት ስለ ቻይናው የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ቹ ኤን ላይ ነው። እንግዳችን የታሪክ መምህር ናቸው። መልሳቸውን በራሳቸው አነጋገር እነሆ።

ጥያቄ፦ ቹ ኤን ላይ የቻይና ፕሬዝዳንት ነበሩ እንዴ?

አልነበሩም። ከ1949 እስከ ሞቱበት 1976 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። እስከ 1958 የውጭ ጉዳዩንም ደርበው ይዘዋል። ይህ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዛሬ ይህን ደጋግሜ ስለምል እንዳትሰለቹኝ።

ጥያቄ፦ «በ1964 አዲስ አበባ መጥተው ከጃንሆይ ጋር ተገናኙ» የሚል ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ አግኝቼ ለጓደኞቼ ላክሁ። እውነት ነው?

መጀመሪያ ላክህ፣ ከዚያ ጠየቅህ። ጥሩ። የማን 1964 ነው ልጄ? በአውሮፓው ከሆነ አዎ፣ ጥር መጨረሻ ላይ መጥተዋል፤ በእኛ 1956 መሆኑ ነው። የመጡት ግን አስመራ ነው። ጃንሆይ እዚያ ወርደው ተቀበሏቸው። ያኔ ከቤጂንግ ጋር ገና የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበረንም። ወዳጃችን አሜሪካ ነበረች፤ እንግዳውን በዋና ከተማ ማስተናገድ ደግሞ እሷን ያስቀይማል። የሚገርመው የአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር፣ ቃኘው ጣቢያም፣ እዚያው አስመራ ነበር!

ጉዞው 10 የአፍሪካ አገሮችን ያዳረሰ ነው። ጋና ሲደርሱ በአገሪቱ ፕሬዝዳንት በንክሩማ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ ገና ቀናት ነበር የተቆጠሩት። ቹ ጉዞውን አልሰረዙም። «አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አይምጡ፣ እኔ ካሉበት እመጣለሁ» ብለው አስላኩና ንክሩማ የነበሩበት ግንብ ድረስ ሄዱ።

በእኛ 1964 የሆነው ሌላ ነው። ከቻይና ጋር ግንኙነት የጀመርነው በኅዳር 1963 ነው። ጃንሆይ ቤጂንግ ሄደው ከቻይናው መሪ ከማኦ ጋር የተገናኙት በመስከረም 1964፣ የአሜሪካው ኒክሰን የሄዱት ደግሞ በዚያው ዓመት በየካቲት። አሁን ሂድና ለጓደኞችህ ማረሚያ ላክ።

ጥያቄ፦ ከአውሮፕላን ፍንዳታ ተርፈዋል የሚባለውስ?

መጀመሪያም አልተሳፈሩም። ሚያዝያ 1955፣ በአውሮፓ፣ የቻይናን ልዑካን ባንዱንግ፣ ኢንዶኔዥያ ወደተደረገው የእስያና የአፍሪካ አገሮች ጉባኤ የሚወስደው አውሮፕላን ላይ ቦምብ ተጠምዶ 16 ሰው አለቀ። እሳቸው በሌላ መንገድ ነው የሄዱት።

ጥያቄ፦ በኋላ የቻይና ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሊ ፔንግ ልጃቸው ናቸው?

የአብራካቸው ክፋይ አይደሉም። የተገደለ የትግል ጓድ ልጅ ናቸው። ቹና ባለቤታቸው ደንግ ይንግቻው ተንከባክበዋቸዋል።

ጥያቄ፦ ማኦ ከ1966 ጀምሮ ባስነሡት የማጥራት ዘመቻ፣ በባህል አብዮቱ ጊዜ፣ ጥፋቱ የማኦ ነው እንጂ ቹ ንጹሕ ሰው ነበሩ። አይደለም እንዴ?

እህቴ፣ እዚህ ላይ ታገሽኝ። ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ስሙ ብቻ ነው የሚቀያየረው። «ንጉሡ ደግ ነበሩ፣ ያበላሹት አማካሪዎቹ ናቸው» ይባላል። ወይም ይገለበጥና «አለቃው ነው ክፉ፣ ምክትሉ ግን ወርቅ ነበር»። በጣም አደገኛ ልማድ ነው። አንዱን መልአክ ስናደርግ ወረቀቱን ማን እንደፈረመ መጠየቅ እናቆማለን።

የቹን ወረቀት እንይ። በነሐሴ 1966፣ በአውሮፓ፣ ቀይ ዘቦች የሚባሉት የማኦ ወጣት ደጋፊዎች የአንድ አዛውንት ምሁር ቤት ገብተው በረበሩ። ሰውዬው ለማኦ አቤት አሉ፤ ማኦም ጉዳዩን ለቹ መሩት። ቹ ወዲያው ጥበቃ የሚደረግላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር አወጡ። በዚያ ዝርዝር የተረፈ ሰው አለ፤ አልክድም። በ1968 ግን የገዛ ታናሽ ወንድማቸው ሲታሰር ትእዛዙ ላይ የፈረሙት ራሳቸው ናቸው። ወንድምየው ሰባት ዓመት ታሰረ። በዚያው ዓመት ፕሬዝዳንቱ ሊዩ ሻውቺ ከፓርቲው ሲባረሩ ቹም ደግፈዋል። ሊዩ በዓመቱ በእስር ላይ እያሉ ሞቱ።

«ምን ምርጫ ነበራቸው?» ትይኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እምቢ ቢሉ ራሳቸውም ይጠፉ ነበር። ያ ፍርሃታቸውን ያስረዳል፤ ፊርማቸውን ግን አይፍቀውም። ደግሞ አሁን ወደ ሌላው ጫፍ ሮጠሽ «አረመኔ ነበሩ» ብለሽ እንዳትጽፊ! በሚያዝያ 1976፣ በአውሮፓ፣ በቹ ሞት አዝኖ ቲያናንመን አደባባይ አበባ ይዞ የወጣው የቤጂንግ ሕዝብ ተገዶ አልነበረም፤ እንዲያውም አበባው በሌሊት ተነሣበት፣ ሕዝቡም ተደበደበ። የባለሥልጣን ታሪክ ስታነቡ ምን እንደተናገረ ሳይሆን ምን እንደፈረመ ፈልጉ። ቀኑን ያዙ። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጻፉ።

ጥያቄ፦ በምን ሞቱ?

በፊኛ ካንሰር። በእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን 1968፣ በገና ማግስት። አያችሁ? በአውሮፓ 1968 ወንድማቸው ታሰረ፤ በእኛ 1968 እሳቸው ሞቱ። ሁለቱን አቆጣጠር የቀላቀለ ሰው አንድ ዓመት ላይ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ አያቴ በዚያ አቀባበል ላይ አስመራ የተነሡት ፎቶ አለ፤ እጥፋቱ ላይ ተሰነጣጥቋል። ላሚኔት ላስደርገው?

በፍጹም! ላሚኔት የተደረገ ፎቶ አንዴ ከተበላሸ ተበላሸ። በፕላስተርም አትለጥፈው። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፍ። አያትህ በሕይወት ካሉ ማን ማን እንደሆነ ጠይቃቸውና ሌላ ወረቀት ላይ መዝግብ። ከዚያ ፎቶውን ንጹሕ ፖስታ ውስጥ አድርገህ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ጋ፣ ሂድና ባለሙያ አሳይ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ፎቶ አልጠግንም።