ወኔ ከየት ይመጣል? የእግር ኳስ ተጫዋች ጥንካሬ ምንጭ

[ምስል፦ ባሕር ዳር ከላይ፤ ጣና፣ ቀጥሎ ስታዲየሙ]

ተራኪ፦ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን አስተናገዱ። ቀድመው ያገቡት እንግዶቹ ነበሩ። ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገ፤ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጨመረ፤ ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። እንዲህ ያለ ድል ሲነሣ ሁላችንም የምናስቀድመው ቃል «ወኔ» ነው። ወኔው ራሱ ግን ከየት መጣ?

[ምስል፦ የሚሮጡ እግሮች፣ ከቅርብ]

ከሳንባና ከእግር እንጀምር። አንድ ፕሮፌሽናል አማካይ በ90 ደቂቃ ውስጥ 11 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ልቡ በአማካይ ከከፍተኛ ምቱ እስከ 85 በመቶ በሚደርስ ፍጥነት ይመታል። ጡንቻው ያከማቸው ስንቅ ወደ መጨረሻው ይሟጠጣል። የዛለ ተከላካይ ኳሱ ጋ ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የዘገየ እግር ደግሞ ኳሱን ስቶ ቅልጥም ይመታል። ከመቀመጫችን ሆነን «ጨካኝ» የምንለው ተጫዋች ብዙ ጊዜ የደከመ ሰው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ይላል፤ የከሰዓቱ ሙቀትም ይጨመርበታል። እዚህ ያለ ዝግጅት የመጣ ቡድን መጀመሪያ የሚከዳው ትንፋሹ ነው።

[ምስል፦ ደጋፊዎች፣ ከበሮ፣ ሰንደቅ]

ቀጥሎ ደም ውስጥ የሚሆነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት የተጫዋቾችን ምራቅ መርምሮ ነበር። ቴስቶስቴሮን የሚባለው ሆርሞን በሜዳቸው ሊጫወቱ ሲሉ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ተጋጣሚው የቅርብ ባላንጣ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። የጣና ሞገዶቹ፣ የእኛው ባሕር ዳር ከነማ፣ ከጎንደሩ ፋሲል ከነማ ጋር ሲገናኙ ከተማው የሚይዘውን ስሜት የምታውቁ ሰዎች በዚህ አትደነቁም። ሰው የራሱን ደጅ ሲጠብቅ ሰውነቱም አብሮት ይነሣል።

አድሬናሊን የሚባለው ሌላ ሆርሞን ደግሞ ሕመምን ያደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1956 የእንግሊዝ ኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ የማንቸስተር ሲቲው ግብ ጠባቂ በርት ትራውትማን አንገቱ ተሰብሮ ጨዋታውን ጨረሰ። ቡድኑ በርሚንግሃምን 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ስብራቱ የታወቀው ከቀናት በኋላ በራጅ ነው። ይህ ታሪክ ለታዳጊዎች እንደ አርአያ ሲነገር አልወድም። ሰውየው የተረፈው በዕድል ነው፤ ጭንቅላቱን ወይም አንገቱን የተመታ ልጅ ወዲያው ከሜዳ መውጣት አለበት።

[ምስል፦ ቀይ ካርድ]

አበው «እልህ ምላጭ ያስውጣል» ይላሉ። የፈረንሳዩ ዚነዲን ዚዳን እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ተጋጣሚውን በግንባሩ ደረቱን መትቶ በ110ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ፈረንሳይ በመለያ ምት ተሸነፈች። ሥነ ልቦናም እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው፦ መነቃቃት እስከ አንድ ልክ ድረስ ብቃትን ያሳድጋል፤ ካለፈ ያበላሻል። ስለዚህ ቁጣን ከጥንካሬ ጋር አንድ የሚያደርጉ አሠልጣኞች ልጆቻችንን እየጎዱ ነው፤ ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ።

ፈረንሳዊውን አማካይ ንጎሎ ካንቴን ተመልከቱ። አጭር ነው፤ ፊቱ ፈገግታ አያጣም፤ በዳኛ ላይ ሲጮኽ አናየውም። ከፈረንሳይ ዝቅተኛ ዲቪዚዮኖች ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሌስተር ሲቲ፣ በ2017 ደግሞ ከቼልሲ ጋር የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ኳስ የሚነጥቀው ቀድሞ ስለሚያነብና ስለሚደርስ ነው። እንጀራውም ቦታውም በዚህ ሥራ ላይ የቆመ ተጫዋች የተነጠቀውን ኳስ ቆሞ አያይም፤ ጓደኞቹ ሲሮጡ ቆሞ መቅረትም ያሳፍራል። በመልበሻ ክፍል የሚወለደው ይህ እፍረት ከማንኛውም የአሠልጣኝ ጩኸት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

[ምስል፦ ልምምድ የሚሠሩ ታዳጊዎች]

ባሕር ዳር ላይ ታዳጊዎችን የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወኔ በልምምድ የሚገነባ ነገር ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ እግር ሲዝል፣ በጠባብ ሜዳ አራት ለአራት አጫውቱ። ኳስ የተነጠቀው ልጅ ወዲያው ተከታትሎ እንዲያስመልስ ጠይቁ፤ ጥፋት ከሠራ ኳሱ ለተጋጣሚው ይሰጥ። ውኃና እረፍት አትንፈጉ። ኳሱ ላይ ዘግይቶ የገባውን ልጅ ከመቆጣታችሁ በፊትም ለምን እንደዘገየ እዩ፦ እግሩ ዝሎ ነው ወይስ መጀመሪያውኑ ቦታውን ስቶ?