ወኔ እስኪመጣ አትጠብቁ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን፣

እንኳን ለአዲሱ የትምህርት ዘመን አደረሳችሁ።

ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሱ። ውጤት በወጣ ቁጥር የምንሰማው ፍርድ ግን አልተለወጠም፤ «የዛሬ ልጅ የማጥናት ፍላጎት የለውም» ይባላል። ከዚያ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ሰው ይጠራል። አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ልጁ ማታ ደብተሩን ሲከፍት ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ፍላጎት አጥቶ አይደለም! አጠናን ያስተማረው ሰው አጥቶ ነው!

ልጆች፣ ብዙዎቻችሁ ጥናት የምትሉት ደጋግሞ ማንበብን ነው። ምዕራፉን ታነባላችሁ፣ ታሰምራላችሁ፣ እንደገና ታነባላችሁ። በሦስተኛው ዙር ሁሉንም ያወቃችሁት ይመስላችኋል። የምትታለሉት እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሙከራ ውጤት አሳትመው ነበር። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ዙር አነበበ፤ ሌላው በአንድ ዙር ብቻ አንብቦ፣ ሦስቱን ዙር ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ 40 በመቶ ሲያስታውሱ፣ የጻፉት 61 በመቶ አስታወሱ። የእናንተ ፈተና መጽሐፉን በዘጋችሁ በአምስተኛው ደቂቃ ነው እንዴ የሚሰጠው?

ስለዚህ ከመጽሐፉ አራት ወይም አምስት ገጽ አንብቡና ዝጉት። ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወሳችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ ቀመሩንም፣ ሥዕሉንም። ከዚያ መጽሐፉን ገልጣችሁ የጎደለውንና የተሳሳተውን በቀይ እስክሪብቶ ሙሉ። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ቀዩን ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ። የሒሳብና የፊዚክስ ጥያቄ ስትሠሩ መልሱን ቶሎ አትዩ፤ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ታገሉት። የተሠራ መልስ ማንበብ የገባችሁ ያስመስላል እንጂ እጃችሁን አያሠለጥንም። ይህ አጠናን ይከብዳል፤ ስለከበዳችሁ ሰነፎች ነን ብላችሁ እንዳትተዉት።

«ሙድ የለኝም» ለምትሉ፦ ወኔ የሚመጣው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ሰዓቱን ቁረጡ፤ ለምሳሌ እራት እንደበላችሁ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ 25 ደቂቃ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። መብራት ቢጠፋ ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ጥያቄዎቹን በቃል መጠያየቅ ይቻላል። ለንደን ውስጥ በተደረገ ጥናት አዲስ ልማድ ለመጽናት በአማካይ 66 ቀን ወስዷል፤ ለአንዳንዱ 18፣ ለሌላው 254። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። እንቅልፍ ግን አትንኩ፤ ሌሊቱን በጫት የነጋበት ልጅ ፈተና ላይ ይፈዛል።

ወላጆች፣ «አጥኚ» እያላችሁ ሴት ልጃችሁን ውሃ የምትልኩ፣ ወጥ የምታሠሩ፣ ወንድሟ ተቀምጦ እሷን ብቻ የምታስነሱ፣ ልጅቷ ጊዜዋን ከየት ታምጣው? ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንድ ሰዓት ስጧት፤ በዚያ ሰዓት ማንም አይጥራት፣ እንግዳ ቢመጣም ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ።

አመሰግናለሁ።