እንጉዳዩ አልሮጠም

የተከበራችሁ የክለባችን አመራሮች፣ አሰልጣኞች፣ ወላጆች፣ ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

የተጠራሁት የዓመቱን ሪፖርት እንዳቀርብ ነው። አቀርባለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ ፈንገስ ላውራ። ከኋላ የምትስቁት ቆዩ፣ ወደ እናንተም እመጣለሁ።

ሱሉልታ ልምምድ ስንጨርስ መኪናውን ጥግ አቁሞ የሚጠብቀን ሰውዬ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ታውቁታላችሁ። ከመኪናው ኋላ ብልቃጥ ያወጣና «ኮርዲሴፕስ የሚባለው ፈንገስ ነው፤ የቻይና ሴቶች ሪከርድ የሰበሩበት» ይላል። አንዷ ልጃችን የሽልማት ብሯን አስረከበችውና ለቤት ኪራይ ልትበደር እኔ ጋ መጣች።

እሺ፣ የቻይኖቹን ታሪክ እናውራው።

ፈንገሱ በእርግጥ አለ። ቲቤትና ሂማላያ ውስጥ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ሣራማ ተራራ ላይ ይገኛል። አፈር ውስጥ የሚኖር የእሳት እራት አባጨጓሬ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይገድለውና ያደርቀዋል። በረዶው ሲቀልጥ ከአባጨጓሬው ራስ ላይ ቀጭን ቡናማ ዘንግ ብቅ ይላል። እረኞቹ ሣሩ ላይ ተንበርክከው እየዳበሱ ይለቅሙታል። ያርሳ ጉንቡ ይሉታል። ለብዙ ቤተሰብ የዓመቱ ዋና ገቢ ነው። ቻይኖች ለሳንባና ለኩላሊት ብለው ከዳክዬ ጋር ይቀቅሉታል። ምርጡ ከወርቅ የተወደደበት ጊዜ ነበር። በአገሩ የተከበረ መድኃኒት ነው፤ በዚያ አልስቅም። እኛም ኮሶ እየጠጣን ያደግን ነን።

አሁን ወደ ሩጫው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። መስከረም 1993 ቤጂንግ ላይ ዋንግ ጁንሺያ 10,000 ሜትሩን በ29:31.78 ጨረሰች። የነበረውን ሪከርድ በ42 ሰከንድ አሻሻለችው። 42! እዚህ 2 ሰከንድ ለመቀነስ ዓመት የሚለፋ ሰው ተቀምጧል። አሰልጣኟ ማ ጁንረን ምስጢሩን ሲጠየቅ ከባድ ልምምድ፣ የኤሊ ደም፣ ያ ፈንገስ አለ። ግማሹ ዓለም ሳቀ፣ ግማሹ ገዛ። ሰውየው ለሯጮቹ የሚሰጠውን መጠጥ ቅመም ሳይቀር ሸጧል። ኋላ ደግሞ የቲቤት ውሻ ማርባት ገባ።

በ2000፣ ሲድኒ ኦሎምፒክ ሊጀመር ሲል፣ ከደም ምርመራ በኋላ 6 ሯጮቹ ከቡድኑ ወጡ። በ2016 ደግሞ ዋንግና ጓደኞቿ በ1995 ፈርመውበታል የተባለ ደብዳቤ ይፋ ሆነ። ለዓመታት የተከለከለ መድኃኒት እንድንወስድ ተገደናል ይላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸውላችሁ። ያንን ሰዓት ሲያሳድዱ ወጣትነታቸውን የጨረሱት የእኛ ልጆች ናቸው! አትላንታ ላይ ጌጤ ዋሚ ነሐስ ስታመጣ ዋንግ ከፊቷ ብሩን ወስዳለች። ሪከርዱ 23 ዓመት ቆየ። ነሐሴ 2016 ሪዮ ላይ አልማዝ አያና በ29:17.45 ሰበረችው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሌላዋን የማ ጁንረን ሯጭ፣ የቹ ዩንሺያን የ1,500 ሪከርድ፣ ገንዘቤ ሞናኮ ላይ በ3:50.07 ሰብራለች። ታዲያ ሪዮ ላይ በመስቀለኛ ጥያቄ የተያዘው ማን ነው? አልማዝ! የእኔ ዶፒንግ ልምምዴ ነው፣ ኢየሱስ ነው ብላ መመለስ ነበረባት። ያኛው «ፈንገስ ነው» ብሎ 23 ዓመት መዝገብ ላይ ተቀመጠ፤ የኛዋ በሮጠች በሰዓቱ ተጠረጠረች። አሁን ደግሞ ያንኑ ተረት እንጦጦን ስትወጣ ስትወርድ ለከረመች ልጅ በብልቃጥ መልሰው ይሸጡላታል! ያንን 10,000 ሜትር እንጉዳይ አልሮጠውም። እንጉዳይ እግር የለውም!

አመሰግናለሁ፣ ተቀመጡ።

ሌላም አለ። በዚያው በ2016 የቻይና መንግሥት ራሱ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። በተመረመረው ፈንገስ ውስጥ በኪሎ ከ4.4 እስከ 9.9 ሚሊግራም አርሴኒክ የሚባል መርዝ ተገኝቷል፤ የሚፈቀደው 1 ነው። በካፕሱል የሚሸጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሩዝ ላይ የበቀለ ሌላ ዘመዱ ነው። እንዲህ የተወደደ ነገር ከመኪና ኋላ በርካሽ አይሸጥም። ብልቃጡ ውስጥ ሌላ ነገር ተቀላቅሎ ቢገኝ የምትቀጡት እናንተ ናችሁ። «ሻጩ ነው የሰጠኝ» ማለት ከቅጣት አያድንም።

ወደ ሪፖርቱ። የጫማው ጉዳይ እንዳምናው ነው፣ አልተፈታም። የሰርቪሱም እንዲሁ። ገንዘቡን ሒሳብ ሹማችን ያስረዳሉ። ብልቃጥ ያለው ከእራት በፊት ይዞልኝ ይምጣ፣ ስም አልመዘግብም።