ሃያ ቶን ምን ያደርግልሃል?

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔው ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ አንድ ማሽን ነው፤ እቤት ውስጥ ከካናቢስ አበባ ሮዚን የሚባለው ሙጫ ስለሚጨመቅበት ሂት ፕሬስ፣ በሙቀት ስለሚጨምቀው። ርዕሱን ሰምታችሁ ፊታችሁን ያጠቆራችሁ ትኖራላችሁ፣ ይገባኛል። እኔን ግን የያዘኝ ብረቱ ነው። ከምጠቀመው ይልቅ የምፈታውና የምገጥመው ይበልጣል። ልጅ ሆኜ ምናለሽ ተራ ቆሜ ከበርሜል ምድጃ ሲሠራ፣ ከመኪና ሞላ ቢላ ሲወጣ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ሱስ ካላችሁኝ ሱሴ እሱ ነው።

የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። እዚህ ሕዝቡ በፈረንጆቹ 2012 ድምፅ ሰጥቶ ካናቢስን የሚፈቅደውን፣ ማሻሻያ 64 የሚባለውን ሕግ አጸደቀ፣ ከ2014 ጃንዋሪ 1 ጀምሮም በሱቅ ይሸጣል። 21 ዓመት የሞላው ሰው እቤቱ፣ በተዘጋና በተቆለፈ ቦታ፣ እስከ ስድስት ተክል መያዝ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ማበብ የሚችሉት ግን ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ሕግ እዩ፣ ከስቴት ስቴት በጣም ይለያያል። ኢትዮጵያ ሆናችሁ የምትሰሙኝ ደግሞ፣ እዚያ በወንጀል ሕጉ የተከለከለ ነው። ለእናንተ ይህ የሙቀትና የግፊት ወሬ ብቻ ሆኖ ይለፍ።

ሮዚን ምንድን ነው ላላችሁ፣ አበባው ላይ በዓይን እንደ ውርጭ የሚታዩ ጥቃቅን የሙጫ እንክብሎች አሉ። ሲሞቁ ይለሰልሳሉ፣ ሲጫኑ ይወጣሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ቡቴን የለም፣ አልኮል የለም። ይኼ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ በፊት ሰዎች እቤታቸው በቡቴን ጋዝ ሲያወጡ ጋዙ ኩሽና ውስጥ ይጠራቀምና አንዲት ብልጭታ ቤቱን ታነሳው ነበር። ኮሎራዶም በ2015 በእንደዚህ ያሉ አደገኛ ጋዞች እቤት ውስጥ ማውጣትን በሕግ ከለከለ። ሙቀትና ግፊት ብቻ የሚፈልገው መንገድ የተስፋፋውም በዚያው ሰሞን ነው፣ ያውም በፀጉር መተኮሻ! አበባውን በመጋገሪያ ወረቀት ጠቅልለህ በመተኮሻው መሀል ትጨምቀዋለህ፣ ጠብታ ይወጣል። ዛሬም ቢሆን እስቲ ልየው ለሚል ሰው መተኮሻ አይናቅም። ችግሩ ብዙዎቹ መተኮሻዎች ሙቀታቸው የሚጀምረው እኛ ማቆም ከምንፈልግበት በላይ ነው፣ እጅም ይደክማል።

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ የሃያ ቶን ፕሬስ በቅናሽ አገኘሁ፣ ልግዛው?" ይለኛል።

"ሃያ ቶን ምን ያደርግልሃል?" አልኩት።

"ብዙ ይጨምቃላ!"

ሁሉም ሰው የሚገባበት ጉድጓድ ይኼ ነው። ሻጩም ያውቃል፤ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቶኑ ነው። እንግዲህ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አበባው የሚገባበት የናይለን ወንፊት ከረጢት አለ፤ ሁለት ኢንች በአራት ኢንች የሆነው ሰባት ግራም ገደማ ይይዛል። ስፋቱ ስምንት ስኩዌር ኢንች ነው። ሃያ ቶን ማለት አርባ ሺህ ፓውንድ ነው። ለስምንት ስታካፍለው አምስት ሺህ ፒ ኤስ አይ፣ ማለትም በአንድ ስኩዌር ኢንች ላይ አምስት ሺህ ፓውንድ፣ ይመጣል። ለአበባ ግን ብዙ ሰው የሚሠራው ከሦስት መቶ እስከ አንድ ሺህ ባለው ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ስትሄድ ከረጢቱ ይቀደዳል፣ ቅጠላ ቅጠሉና ሰሙ አብሮ ይወጣል፣ ወርቃማ የነበረው ቡኒ ይሆናል። የስድስት ቶኗ ትንሽ ፕሬስ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ፓውንድ ለስምንት ሲካፈል፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ። እሷም ራሷ ትርፍ ናት! ደግሞ ልብ በሉ፣ የምናካፍለው ለከረጢቱ ስፋት እንጂ ለሳህኑ፣ ከረጢቱን ለሚጨምቀው ትኩስ ጠፍጣፋ ብረት፣ አይደለም። ትልቅ ሳህን ገዝቶ መሀሉ ላይ ትንሽ ከረጢት የሚያስቀምጥ ሰው ግፊቱ ቀንሷል ብሎ ያስባል፤ አልቀነሰም።

ስለዚህ ፍሬሙ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ጋራዥ ውስጥ ኩሽኔታ ለማስገባትና ለማውጣት የሚሠራው ተራ ፕሬስ፣ ሾፕ ፕሬስ የሚሉት፣ በክሪክ የሚገፋው፣ ይበቃል። መቶ ዶላር አካባቢ ይገኛል፣ ያገለገለ ካገኛችሁ ደግሞ ከዚያም በታች። ስትገዙ ብሎኖቹን እዩ፣ ብየዳው ስንጥቅ እንዳይኖረው እዩ፣ ክሪኩ ዘይት እንዳያንጠባጥብ እዩ። በቃ።

ፍሬሙ የሌለው ነገር የግፊት መለኪያ ነው። ክሪኩን ትገፋለህ፣ ስንት እንደደረስክ ግን አታውቅም። በዚህ ላይ ትንሽ ገንዘብ ጨምሩ ብዬ እመክራለሁ፤ ክሪኩን አውጥቶ በእጅ ፓምፕና በሲሊንደር፣ ከነመለኪያው፣ መተካት ይቻላል። መለኪያው የሚያሳየው ግን የዘይቱን ግፊት ነው፣ የከረጢቱን አይደለም። የተለመደው የአሥር ቶን ሲሊንደር ውስጡ 2.24 ስኩዌር ኢንች ነው። መለኪያው አንድ ሺህ ካለ፣ የሚገፋው 2,240 ፓውንድ ነው፤ ከረጢቱ ላይ ሲደርስ 280 ፒ ኤስ አይ ይሆናል። "ሺህ ላይ ጨመቅኩ" የሚል ሰው ስትሰሙ የቱ ሺህ እንደሆነ ጠይቁት።

አሁን ገንዘቡ የሚሄድበት ላይ ደረስን፤ ሳህኑ። ሳህን የምለው የሚሞቁትን ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ነው። ብረት ልበል እንጂ አሉሚኒየም መሆን አለባቸው። አሉሚኒየም ሙቀት ለማስተላለፍ ከተራ ብረት ሦስት እጥፍ ይሻላል፣ ከስቴንለስ ደግሞ አሥር እጥፍ። ስቴንለስ ያብረቀርቃል፣ ሰው ይወደዋል፣ ግን ማሞቂያው ያለበት ቦታ ይቃጠላል፣ ጥጉ ቀዝቃዛ ይሆናል። በእያንዳንዱ ሳህን ውስጥ እንደ እስክርቢቶ ቀጫጭን የሆኑ ማሞቂያዎች ይገባሉ፣ አንድ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ይገባል፣ ሁለቱም ፒ አይ ዲ ወደሚባለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ይሄዳሉ። ለሁለቱም ሳህን የየራሱ መቆጣጠሪያ ይኑረው። ማሞቂያው የሚገባበት ቀዳዳ ልክክ ያለ መሆን አለበት፤ ከሰፋ አየር ይገባል፣ አየር ሙቀት አያሳልፍም፣ ማሞቂያውም ራሱን ያቃጥላል። ፍሬዛ ቤት የሚያውቀው ያለ ሰው እዚህ ላይ ሻይ ይጋብዘው።

የኤሌክትሪኩ ነገር ላይ ትንሽ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ርካሽ የሚሠሩት እዚህ ላይ ነው የሚቆጥቡት። ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ሶሊድ ስቴት ሪሌይ የምትባል ጥቁር ዕቃ ናት። ሪሌይዋ ስትበላሽ ብዙውን ጊዜ በርታ ነው የምትቀረው። መቆጣጠሪያው አጥፊ እያለ ይጮኻል፣ እሷ ታሞቃለች። ስለዚህ ከመስመሩ ላይ በሙቀት የሚቋረጥ ፊውዝ ይግባ፤ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ሳህኖቹ ግራውንድ ይታሰሩ። ሳህኑና ፍሬሙ መካከልም ሙቀት የማያስተላልፍ ነገር ይኑር፣ አለዚያ ሙቀቱ ወደ ክሪኩ ይወርድና ጎሚኒውን ይጨርሰዋል። ሲሠራ ደግሞ ትቶ መሄድ የለም።

የቲሸርት ማተሚያውስ? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ምክንያቱም እኛ ሰፈር የሌለው የለም። ጁላይ ላይ በሰሜን አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ማሊያ የሚያትም፣ ለሰርግ የሚያትም፣ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ አንድ አለው። ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚሞቀው የላይኛው ብቻ ነው፣ ታችኛው ስፖንጅ ነው። አሥራ አምስት በአሥራ አምስት ኢንች ሆኖ ግፊቱ 225 ስኩዌር ኢንች ላይ እንዲያርፍ ነው የተሠራው። እንደ መጽሐፍ ስለሚከደንም የኋላው ቀድሞ ይነክሳል፣ የፊቱ ክፍት ይቀራል። ማሊያችሁን አትሙበት።

የአክስቴ ልጅ ስድስት ቶኗን ገዛ። ከዚያ ሳህን ልናዝዝ ቁጭ ብለን ስናወራ ነው፣ "ለመሆኑ ዜግነቱ እንዴት ሆነ?" ያልኩት። በሚቀጥለው ዓመት ነው የማመለክተው አለኝ። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ይህን ነገር ወገኖቼ ስሙኝ። ስቴቱ ፈቀደ ማለት ፌዴራል ፈቀደ ማለት አይደለም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ኤፕሪል በግልጽ አውጥቶታል፤ በስቴት ሕግ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ነገር ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው የመልካም ሥነ ምግባር መስፈርቱን ሊያሳጣው ይችላል። ጥፋተኛ ተብሎ መፈረድም አያስፈልግም፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ራስህ ማመንህ ይበቃል። ልጁ ደግሞ ትራክ ነው የሚነዳው። የፌዴራል ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የሽንት ምርመራ ኮሎራዶ ነኝ ብትለው አይሰማህም፤ ቲ ኤች ሲ፣ ካናቢስ ውስጥ ያለው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ከተገኘ መንጃው ላይ ነው የሚመጣው። ሱቆቹ ማስታወቂያቸው ላይ ይህን አይጽፉም፣ እኛም እርስ በርሳችን አፍረን አንነጋገርም፣ በዚህ መሀል ስንት ሰው ወረቀቱ ይበላሻል። "ጋሼ አስፈራኸኝ" አለኝ። ይፍራ። ፕሬሷን ግን አልመለሳትም፤ የትራኩን ኩሽኔታ እያስገባባት ነው፣ ለተፈጠረችበት ሥራ ዋለች።

ወረቀታችሁ ያለቀ፣ ሥራችሁም የማይከለክላችሁ ደግሞ ወደ ሙቀቱ እንመለስ። ለአበባ ከ180 እስከ 220 ፋራናይት ባለው ውስጥ ነው። ዝቅ ሲል ሽታው ይጠበቃል፣ መጠኑ ያንሳል፤ ከፍ ሲል መጠኑ ይጨምራል፣ ሽታው ይሄዳል። እኔ 190 ላይ እወዳለሁ፣ ሌላው ይከራከረኛል። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ነው፣ አበባው እጅ ውስጥ የሚፈረፈር ከሆነ የራሱን ሙጫ መልሶ ይጠጣዋል፤ እርጥበቱን ስልሳ በመቶ አካባቢ የሚይዝ ትንሽ ፓኬት አበባው የተቀመጠበት ማሰሮ ውስጥ ጣሉበት። ከረጢቱን በመጋገሪያ ወረቀት ጠቅልላችሁ ካስገባችሁ በኋላ ሳህኖቹ ሲገናኙ ወዲያው አትጨምቁ። ነካ አድርጉትና ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይሙቅ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ስትገፉ መጀመሪያ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንድ እርጥብ መስመር ይታያል፣ መስመሩ ይወፍራል፣ ይሄድና ቀዝቃዛው ወረቀት ላይ ሲደርስ ይቆማል። መስመሩ መንቀሳቀስ ሲያቆም ግፊት መጨመር ትርፉ ከረጢት መቅደድ ነው። አንዳንዴ ከሦስት ግፊያ በላይ አያስፈልግም።

የሚወጣው ነገር ብርቱ ነው፤ ከአበባው ብዙ እጥፍ የጠነከረ ነው። ማር ይመስላል፣ ልጅ ያለበት ቤት ይቆለፍበት።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ልዝጋ። ሳህን ያዘዛችሁ ወይም ያሠራችሁ፣ አበባ ከማስገባታችሁ በፊት ሞክሩት። 200 ላይ አድርጉት፣ ሃያ ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ የመልቲሜትር የሙቀት ሽቦ ይዛችሁ መሀሉን ለኩ፣ አራቱን ጥግ ለኩ፤ በሌዘር የሚለካው አብረቅራቂ አሉሚኒየም ላይ ይዋሻል፣ እሱን አትመኑ። ሁለቱን ሳህን በመሀል ወረቀት አድርጋችሁ ግጠሙና ከኋላ መብራት አብሩበት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ሳህኑ አልተስተካከለም ወይም ፍሬሙ ዘሟል። በመሀልና በጥግ መካከል ከአምስት ዲግሪ በላይ ልዩነት ካያችሁ፣ ሻጩ የፈለገውን ይበላችሁ፣ መልሱለት።