ጠብታውን ሳይሆን ሚሊሊትሩን ንገሩኝ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ነርስነት ነው የማወራው፤ በደም ሥር በቱቦ እየተንጠባጠበ ስለሚሰጠው ፈሳሽ። በተለይ የነርሲንግ ተማሪዎች ጆሯችሁን ስጡኝ። ግን ሰው ያስታመመ ሁሉ ቢሰማኝ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አስታማሚ ሆኖ አንድ ሌሊት ያላደረ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ርክክብ ላይ የምሰማት አንዲት አባባል አለች። የአዳር ተረኛዋ ለጠዋቷ ስታስረክብ «አልጋ 6፣ በ50 ጠብታ እየሄደለት ነው» ትላለች። ተቀባይዋም ትጽፋለች። ሁለቱም ጎበዝ ነርሶች ናቸው። አባባሏ ግን ጎዶሎ ናት። በየትኛው ቱቦ ነው 50 ጠብታ የሚሄደው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠብታ በሁሉም ቱቦ እኩል አይደለም። እኛ ጋ ለአዋቂ የሚውለው ተራው ቱቦ ብዙ ጊዜ 20 ጠብታው 1 ሚሊሊትር ይሆናል። 15 የሆነም አለ፣ 10 የሆነም አለ። ለሕፃናት የምንጠቀምበት ቡሬት፣ ማለትም መለኪያ መስመር ያለው ትንሽ ፈሳሽ መያዣ የተገጠመለት ቱቦ፣ ግን ጠብታው ደቃቅ ነው። 1 ሚሊሊትር ለመሙላት 60 ጠብታ ይፈልጋል። እስቲ አስሉት። በቡሬት በደቂቃ 50 ጠብታ ማለት በሰዓት 50 ሚሊሊትር ነው። ያው 50 ጠብታ በባለ 20ው ቱቦ ሲሄድ በሰዓት 150 ሚሊሊትር ይሆናል። ሦስት እጥፍ!

አልጋው ላይ የተኛው 14 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ነው እንበል። ሕፃን በቀን ምን ያህል ፈሳሽ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ሆሊዴይና ሲጋር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጡትን ስሌት ዛሬም የሕፃናት ክፍል ውስጥ እንሠራበታለን። ለመጀመሪያው 10 ኪሎ በኪሎ 100 ሚሊሊትር፣ ለቀጣዩ 10 ኪሎ በኪሎ 50፣ ከዚያ በላይ ላለው በኪሎ 20፤ ይህ የ24 ሰዓት ነው። ለዚህ ልጅ 1000 እና 200፣ በድምሩ 1200 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። ለ24 ሲካፈል በሰዓት 50 ሚሊሊትር ይመጣል። አሁን ይህን ልጅ «በ50 ጠብታ» ብላችሁ አስረክባችሁ ሂዱ። ቀን ላይ ቡሬቱ ተበላሽቶ በተራው ቱቦ ቢቀየር፣ ወረቀቱ ላይ ያለችው 50 ልጁን በፈሳሽ ታጥለቀልቀዋለች። «በሰዓት 50 ሚሊሊትር» ብላችሁ ከሆነ ግን የምትቀይረው ነርስ ለራሷ ቱቦ አስልታ 17 ጠብታ ላይ ታደርገዋለች። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ስታዝዙም፣ ስትጽፉም፣ ስታስረክቡም ሚሊሊትርና ሰዓት ተናገሩ። የጠብታው ቁጥር በዚያች ሰዓት ያንን ቱቦ ለያዘችው ነርስ ብቻ ነው የሚሠራው።

ይሄ ነገር የኛ ከተማ ላይ ይብሳል። ምክንያቱም ዕቃው ከአንድ ቦታ አይመጣም። ሆስፒታሉ ውስጥ ሲያልቅ አስታማሚው ወረቀት ይዞ ይወጣል። ጥቁር አንበሳ አካባቢ፣ በቸርችል ሽቅብ እስከ ፒያሳ፣ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር ይውላል። ያገኘውን ይዞ ይመጣል። ትናንት የመጣው ቱቦና ዛሬ የመጣው የአንድ ፋብሪካ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቱቦው የታሸገበትን ላስቲክ ቀድዳችሁ ከመጣላችሁ በፊት አንብቡት። ስንት ጠብታ 1 ሚሊሊትር እንደሚሆን እላዩ ላይ ተጽፏል። ተማሪዎቼ ቀመሩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡታል፤ ላስቲኩን ግን ሳያዩት ቅርጫት ውስጥ ይገባል።

ቀመሩ ራሱ አያስፈራም። ሚሊሊትሩን 1 ሚሊሊትር በሚሆነው የጠብታ ቁጥር ታበዙና ለደቂቃው ታካፍላላችሁ። 1000 ሚሊሊትር በ8 ሰዓት ከሆነ በሰዓት 125 ነው። በባለ 20ው ቱቦ 125 ለ3 ሲካፈል 42 ገደማ ጠብታ። ለምን ለ3? ሰዓት 60 ደቂቃ ነው፣ ሚሊሊትሩ 20 ጠብታ ነው፤ 60 ለ20 ሲካፈል 3። በባለ 15ው ለ4 ታካፍላላችሁ። በቡሬት 60 ለ60 አንድ ስለሆነ ማካፈልም የለም። ይህ የገባው ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ እያዳፋውም ቢሆን ያሰላል።

ቆጠራው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ሰዓታችሁን ከምትንጠባጠበው ጠብታ ጎን፣ በዓይናችሁ ትይዩ ያዙት። ታች ሆኖ ወደ ላይ ማንጋጠጥ አያዋጣም። ብዙዎቻችን 15 ሰከንድ ቆጥረን በ4 እናበዛለን። ለ42 ጠብታ ምንም አይልም። ለሕፃኑ 17 ጠብታ ግን አደገኛ ነው። በ15 ሰከንድ 4 ጠብታ ነው የምታዩት። አንዷ ብታመልጣችሁ በደቂቃ 4 ተሳሳታችሁ፣ በሰዓት 12 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። ዝግ ብሎ የሚሄደውን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩት። ደቂቃዋ ረጅም ናት፣ አውቃለሁ። ሌላ አልጋ ላይ «ሲስተር! ሲስተር!» እየተባለ ነው። ቢሆንም ቁጠሩት።

የማይቆጠርበት ጊዜም አለ። ኮሌራ ይዞት የሰውነቱ ውሃ በጣም ያለቀ፣ 50 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ መጣ እንበል። በመጀመሪያው 30 ደቂቃ በኪሎ 30 ሚሊሊትር ሪንገር ላክቴት የተባለው የደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ 1500 ሚሊሊትር ማለት ነው። በባለ 20ው ቱቦ በደቂቃ 1000 ጠብታ ይሆናል። ይህን ማን ይቆጥራል? ወፍራም ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን አጭር ቱቦ) ታስገባላችሁ፣ አንድ መስመር ካልበቃ ሁለት ትከፍታላችሁ፣ ቱቦውን ትለቁታላችሁ። ዓይናችሁ ከረጢቱ ላይና ሰዓቱ ላይ ነው የሚሆነው። እዚህም ቢሆን የሚያስኬዳችሁ ሚሊሊትሩ ነው።

ተቃራኒው ፖታሲየም ነው። 1 ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 40 ሚሊኢኩቫለንት (የፖታሲየሙ መጠን መለኪያ ነው) ተጨምሯል እንበል። በእጅ ደም ሥር ሲሰጥ የተለመደው ጣሪያ በሰዓት 10 ሚሊኢኩቫለንት ነው። ስለዚህ ያ ከረጢት ከ4 ሰዓት በፊት ማለቅ የለበትም። ከዚያ ከፈጠነ የልብን ምት ያዛባል፣ ሊያቆመውም ይችላል። እንዲህ ያለ ከረጢት ስሰቅል ለአስታማሚው ሳልናገር ከአልጋው አልርቅም።

አስታማሚ ስል አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። ልጃቸው 8 ሰዓት የሚፈጅ 1000 ሚሊሊትር ግሉኮስ ተሰቅሎለታል። አጠገቡ ቁጭ ብለው ጠብታውን ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ቆመ መሰለኝ፤ ትንሽ ልልቀቀው?» አሉኝ።

«አይንኩት እማማ። ቢዘገይም ቢፈጥንም እኔን ይጥሩኝ» አልኳቸው።

ልጁ ክርኑን አጥፎ ተኝቶ ነበር። እጁን ሳቃናው ጠብታው ተመለሰ። አልጋ ከፍ ቢል፣ ክንድ ቢታጠፍ፣ ሰው ቢገላበጥ ፍጥነቱ ይለወጣል። በመሬት ስበት ነውና የሚወርደው። ለዚህ ነው ከጀመርኩ ከ15 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያም በየሰዓቱ ደግሜ የምቆጥረው።

ከዚያ ከረጢቱ ላይ የለጠፍኩትን ፕላስተር አሳየኋቸው። ከላይ እስከ ታች በየ125 ሚሊሊትሩ መስመር አስምሬ፣ ከጎኑ ሰዓቱን ጽፌበታለሁ። የጻፍኩት በኛ አቆጣጠር ነው፤ 2 ሰዓት ተጀምሮ 10 ሰዓት የሚያልቅ። የእማማ ስልክ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። «ውሃው እዚች ጋ ሲደርስ 4 ሰዓት መሆን አለበት» አልኳቸው። ሂሳብ አላስተማርኳቸውም። 4 ሰዓት ሲሆን ራሳቸው መጡ። «ልጄ፣ ሰዓቱ ደርሷል፣ ውሃው ግን መስመሯ ጋ አልደረሰም።»

እውነታቸውን ነበር። 750 ሚሊሊትር መቅረት ሲገባው 850 ነበር የቀረው። እንዲህ ሲሆን ቱቦውን ከፍቶ የዘገየውን በአንዴ ማካካስ አይገባም። መጀመሪያ ካኑላው የገባበትን ቦታ አየሁ፤ እብጠትም ሕመምም የለም። ቀጥሎ የቀረውን ለቀረው ሰዓት አካፈልኩ። 850 ለ6፣ በሰዓት 142 ገደማ፤ በዚያ ባለ 20 ቱቦ 47 ጠብታ። ልጁ ወጣት ነው፣ ልቡም ኩላሊቱም ደህና ነው። ሐኪሙን ጠይቄ አስተካከልኩት። ልቡ የደከመ አዛውንት ቢሆኑ ኖሮ በ125ቱ እንዲቀጥል፣ ማለቂያው ይራዘም ነበር የምለው። ፕላስተሩን ላጥኩና አዲስ ለጠፍኩ፤ መስመሮቹንም በአዲሱ ስሌት አሰመርኩ።

ለዛሬ እዚህ ላይ ላብቃ። ደህና ሁኑልኝ።