እንግዳው ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስ
(በዓመታዊው ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤ ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላ የመጣችሁ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ አድራጊዎች፣ ኤዲተሮችና ቴክኒሻኖች፤ እንኳን ወደ ደብረ ማርቆስ በደህና መጣችሁ።

የሥራ ሪፖርቱንና ሒሳቡን ከሻይ በኋላ ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡታል፤ እኔ አልነካውም። የመክፈቻውን ጊዜ የምወስደው ለአንዲት ትንሽ ቃል ነው፤ «እሺ» ለምትባለው።

ሰው ሲያወራን «እሺ»፣ «እህ»፣ «አዎ» እያሉ መስማት ያደግንበት ወግ ነው። ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ያኮረፈ ይመስላል። ማይክ ፊት ግን ይህ ጨዋነት ሥራ ያበላሻል። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ «ነው»ም «አይደለም»ም የሚመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። አንድ የአፈር ባለሙያ የአፈር አሲድ ለማብረድ ስለሚበተነው ኖራ ሲናገር «ኖራ መሬት ያቃጥላል የሚባለው እውነት አይደለም» ሲል፣ ገና «እውነት» ላይ ሲደርስ የገባን መስሎን «እሺ!» እንላለን። ያች «እሺ» የምታርፈው ቀጥታ «አይደለም» ላይ ነው። ሁለቱ ድምፆች በአንድ ማይክ አንድ ትራክ (የድምፅ መስመር) ላይ ከገቡ በኋላ ማንም ኤዲተር ንጹሕ አድርጎ አይለያቸውም። ገበሬው በሬዲዮ የሚሰማው «ኖራ መሬት ያቃጥላል የሚባለው እውነት… እሺ» ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ኖራውን ማን ይወስዳል?

መላው ከባድ አይደለም። ራስን መነቅነቅ፣ ዓይን ዓይን ማየት ይበቃል። ሁለት ማይክ ካለ እንግዳውን በአንዱ ትራክ፣ ጠያቂውን በሌላው መቅዳት፤ ያኔ የእኛን ትራክ ዝም ማሰኘት ይቻላል። እንግዳው ሲጨርስ በልብ አንድ፣ ሁለት ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ማለፍ። ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው፤ «እንዲያውም…» ብሎ የሚጀምረው ያኔ ነው። በስልክ ሲሆን ራስ መነቅነቅ አይታይምና፣ «ዝም ብል መስመሩ ተቋርጦ አይደለም፣ እየሰማሁዎት ነው» ብሎ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። አለበለዚያ እንግዳው በየዓረፍተ ነገሩ «ሃሎ?» ይላል።

ኤዲቲንግ ላይም ያው ነው። ቆረጣው ማሰሪያ አንቀጹና ከእሱ በኋላ ያለው ትንፋሽ ካለፉ በኋላ ይሁን። በተለይ «…ይላሉ»፣ «…የሚሉ አሉ» የምትለዋን ጅራት ተጠንቀቁ። ጤና ባለሙያዋ «ክትባቱ ያመክናል የሚሉ አሉ» ብላ ሐሜቱን ስትጠቅስ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ጅራቱን የቆረጠ ሰው ሐሜቱን ለእሷ አሸክሟታል። ይህ የቴክኒክ ጉድለት ተብሎ አይታለፍም፤ የሰው ስም ማጥፋት ነው።

ስለ ቀረጻው ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘገይም። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ይዙር፤ ፊት ለፊት ከሆነ «በ» እና «ፐ» ድው ይላሉ። የድምፁ ልኬት ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይዋል፣ ከፍ ሲልም ከዜሮ በታች 6ን አይለፍ፤ ዜሮ ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ አይጠገንም። ለሙከራ «ሃሎ ሃሎ» አታስብሉ፤ ሰው ያኔ ይጮኻል። ቁርስ ምን እንደበሉ ጠይቁ፣ በተፈጥሮ ድምፁ ያወራችኋል። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ16 ቢት፣ በአንድ ቻናል የተቀዳ ሰዓት 345 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ ካርዱን ከመውጣታችሁ በፊት እዩት። ስልክ ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ጥሪ ሊገባ ሲል ትርር የሚለው ቅጂው ውስጥ ይገባል፣ ጭራሽ ይዘጋ። ክረምት ላይ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከመቅዳት ጎረቤት ያለች ሣር ክዳን ቤት ትሻላለች፤ ሁለቱም ከሌሉ ዝናቡ እስኪያባራ ቡና መጠጣት ነው። ግድግዳው ባዶ ከሆነና ድምፅ ከመለሰ ከእንግዳው ጀርባ ጋቢ ስቀሉ። ከመነሳታችሁ በፊት የቤቱን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅዱ፤ ኤዲተሩ ቀዳዳ የሚደፍንበት እሱ ነው።

ሳይንስ ላይ የሚያስቸግረን ቁጥር ነው። ባለሙያው «እንቦጭ ጣና ላይ የታወቀው በ2011 ነው» ይላል፤ እሱ የሚያስበው በፈረንጆቹ ነው፣ በእኛ 2003 ወይም 2004 ዓ.ም. ማለት ነው። አድማጩ ግን በእኛው 2011 ብሎ ይይዘውና የአረሙን ዕድሜ በሰባት ስምንት ዓመት ያሳንሰዋል። ሰዓቱም እንደዚሁ፤ ወረቀት ላይ 8፡00 የተጻፈው የክትባት ቀጠሮ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። እዚያው ጠይቁ፣ «በማን አቆጣጠር?» በሉ፤ ቁጥሩንም ሁለቴ አስብሉ፣ አድማጭ ወደ ኋላ መልሶ አይሰማም።

የአፈር አሲድነት ላይ «ፒኤች 4.8» ብሎ ማለፍም እንዲሁ ነው። 7 መካከለኛ መሆኑን፣ አንድ ቁጥር ወደ ታች መውረድ አሲዱን አሥር እጥፍ ማድረጉን፣ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥር እንደሚጎዳ ባለሙያው ራሱ ይናገር። ከዚያ አሲዱን የሚያበርደውን ኖራ ወደ ጥማድና ወደ ኩንታል አምጡት፤ ዘር ከመውደቁ ስንት ጊዜ በፊት ከአፈሩ ጋር እንደሚቀላቀል አስነግሩ። የኖራው መጠን ግን እንደ አፈሩ ምርመራ ይለያያል። ለአንዱ ቀበሌ የተባለውን ለጎጃም ሁሉ ያወጀ ጠያቂ ገበሬውን ያሳስታል።

ማኅበራዊ ጉዳይ ላይ ሁለት ነገር። በሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ከዚያ በታች ተድራ ያመለጠች ልጅ ስትናገር ድምፅ ማወፈርና ማቅጠን አይሰውራትም። የገጠር ሰው ሰውን በአነጋገሩ ያውቃል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ስም፣ የወንዙ ስም ከተጨመረ ደግሞ አለቀ። ቃሏን ሌላ ሰው ያንብብ፣ የቦታው ስም ይውጣ፣ ፕሮግራሙ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ሳትቀዱ ንገሯት። ሁለተኛው፣ ዶክተሩን «እርስዎ» ብሎ አባወራውን «አንተ» የሚል ጠያቂ አሁንም አለ። አድማጩ የመጀመሪያዋን ጥያቄ እንደሰማ ነው የሚፈርድብን።

ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ጣቢያ ካመጣው ቅጂ አምስት አምስት ደቂቃ እንሰማለን። ያልታረመውን አምጡ ያልነው ለዚህ ነው፤ «እሺ»ዎቻችንን አብረን እንቆጥራለን። የኔንም ጭምር።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።